ለቤት ሰርቨር ስዋፕ ያስፈልጋል፤ ግን በልኩ

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን (በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን) በቤታቸው የሚያሠሩ ሰዎች ዘንድ አንድ አስተያየት ሥር ሰዷል፤ ራም (የኮምፒውተሩ የሥራ ሚሞሪ) በቂ ከሆነ ስዋፕ፣ ማለትም ከራም የሚወጣ ነገር የሚቀመጥበት የዲስክ ቦታ፣ አያስፈልግም፣ ማሽኑን ከማዘግየትና ኤስኤስዲ ዲስኩን በመጻፍ ብዛት ከመጨረስ በቀር ፋይዳ የለውም የሚል። እኔም ሁለት ዓመት ያህል በዚሁ አምኜ 32 ጊጋባይት ራም ያለውን ሰርቨሬን ያለ ስዋፕ አሠርቻለሁ። ዛሬ ግን ምክሩ ስሕተት ነው እላለሁ።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ሌሊት ነው። ሳምንታዊው የመጠባበቂያ ቅጂ ሲጀመር አምስት ቨርቹዋል ማሽኖች እየሠሩ ነበር። ጠዋት ስነሣ አራቱ በሰላም አሉ፤ አምስተኛው፣ የቤተሰቡን ፎቶግራፎችና ሰነዶች የያዘው፣ የለም። የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ መዝገብ ስከፍት ሚሞሪ አልቆ አንድ ሂደት (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) መገደሉን የሚናገር መስመር አገኘሁ። የተገደለው ያ ማሽን ነበር።

ሊኑክስ ሚሞሪ ሲያልቅበት ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ብዙ ሚሞሪ የያዘውን ሂደት ነው። በኬቪኤም (በሊኑክስ የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ለሚሠራ ሰርቨር ደግሞ እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን እንደ ማንኛውም ፕሮግራም አንድ ሂደት ብቻ ነው። ስለዚህ ዱላው የሚያርፈው ብዙ ጊዜ በትልቁ ማሽን ላይ ነው፤ ትልቁ ማሽን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ አብዝቶ የሚሳሳለት ነው። ውስጡ ላለው ዳታቤዝ፣ መጻፍ እንደ ጀመረ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከተነቀለበት ኮምፒውተር የሚለይ ነገር የለውም።

ሒሳቡን በወረቀት ሳሰላው ጥፋቱ የራሴ መሆኑ ግልጽ ሆነ። ለአምስቱ ማሽኖች በድምሩ 26 ጊጋባይት ሰጥቻለሁ። የዲስኩ ፋይል ሲስተም ዜድኤፍኤስ ነው፤ የእኔ እትም ለንባብ መሸጎጫው (ከዲስክ ያነበበውን ራም ውስጥ ለሚያቆይበት ቦታ) እስከ ራሙ ግማሽ፣ ማለትም እስከ 16 ጊጋባይት፣ እንዲወስድ ይፈቀድለት ነበር። 42 ጊጋባይት በ32 ውስጥ! መሸጎጫው ሲጠየቅ ይለቃል፤ ሁልጊዜ ግን በተፈለገው ፍጥነት አይለቅም። የቅጂው ሥራ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ መሸጎጫው አበጠ፣ ማሽኖቹም በዚያው ሰዓት ድርሻቸውን ጠየቁ። ትንሽ ስዋፕ ቢኖር ኖሮ መሸጎጫው እስኪለቅ ድረስ ማሳለፊያ ይሆን ነበር።

ስዋፕን የራም ምትክ አድርጎ ማየት ነው ብዙዎችን የሚያሳስተው። ከርነሉ የሚያስተዳድረው ሚሞሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቅጂው በዲስክ ላይ አለ፤ ስለዚህ ቢጣል ተመልሶ ይነበባል። ሁለተኛው ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚፈጥሩት ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። የቨርቹዋል ማሽኖች ሚሞሪ ከሞላ ጎደል ይህ ሁለተኛው ነው። ማሽኑ ሲነሣ አንድ ጊዜ ተነክቶ ከዚያ ወር ሙሉ ማንም የማያየው ብዙ ገጽ (የሚሞሪ ቁራጭ) በውስጡ አለ። ስዋፕ ከሌለ ያ ሥራ ፈት ገጽ ከራም የሚወጣበት መንገድ የለም። በጭንቅ ጊዜ ከርነሉ የሚጥለው በየደቂቃው የሚፈለገውን ፋይል፣ አልፎ ተርፎም የፕሮግራሞችን ኮድ ይሆናል፤ ጥሎም ወዲያው ደግሞ ያነበዋል። ያለ ስዋፕ ማሽን አይዘገይም የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይፈርሳል።

የኤስኤስዲው ጉዳይ ብዙ አያስጨንቀኝም። ስዋፑ ውስጥ አንድ ጊጋባይት ተቀምጦ መገኘቱ ጉዳት አይደለም፤ ጉዳቱ ያለማቋረጥ ሲገባና ሲወጣ ነው። ቪኤምስታት የሚባለው ትእዛዝ ይህንን በሁለት ዓምዶች ያሳያል። ዓምዶቹ ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በላይ ከሆኑ የጎደለው ራም ነው፤ ራም መጨመር ወይም ማሽን መቀነስ ይገባል።

ስዋፕ ከበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከራሙ እጥፍ ይሁን የሚለው የድሮ ደንብ ራም በሜጋባይት ይቆጠር ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። በ64 ጊጋባይት ስዋፕ ላይ የሚንፏቀቅ ሰርቨር አይሞትም፣ አይሠራምም፤ ገብቶ ለማስተካከል እንኳ ፋታ አይሰጥም። እንደ እኔ ላለ ማሽን ከ4 እስከ 8 ጊጋባይት ይበቃል። ከርነሉ ወደ ስዋፕ ለማውጣት ምን ያህል እንደሚቸኩል የሚወስነው፣ ስዋፒነስ የሚባለው ቅንብር ከተለመደው 60 ወደ 10 ቢወርድ እመርጣለሁ።

ቦታው ግን ቸል አይባልም። ስዋፕ በዜድኤፍኤስ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ዜድኤፍኤስ ለመጻፍ ራሱ ሚሞሪ ስለሚፈልግ፣ ሚሞሪ ባለቀበት ሰዓት ሁለቱ እየተጠባበቁ ሰርቨሩ ሊቆም ይችላል። ለብቻው የተከፈለ የዲስክ ክፋይ ይሻላል። ክፋይ ለማውጣት ቦታ ያጣ ሰው ዜድራምን ይሞክር፤ ገጾቹን ጨምቆ እዚያው ራም ውስጥ ያስቀምጣቸዋል።

ኩበርኔቲስን (ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድረውን ሥርዓት) በቤታቸው የሚማሩ ሰዎች «ስዋፕ ይጥፋ» የሚለውን መመሪያ ወደ ዋናው ሰርቨር ሲያመጡትም አያለሁ። ኩበርኔቲስ በነባሪ ቅንብሩ ስዋፕ በበራበት ማሽን ላይ አልነሣም ይላል፤ ይህ ግን እርሱ የሚሠራበትን ቨርቹዋል ማሽን ብቻ የሚመለከት ነው። ከሥር ያለው ሰርቨር ስዋፕ ቢኖረው ኩበርኔቲስ አያውቀውም።

እኔ አሁን የዜድኤፍኤስን መሸጎጫ በ4 ጊጋባይት ገድቤ ሌላ 4 ጊጋባይት ስዋፕ ጨምሬያለሁ። ባለፈው የቅጂ ሌሊት ከስዋፑ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ተይዞ አደረ፤ ሁለቱ ዓምዶች ጠዋት ዜሮ ነበሩ፣ አምስቱም ማሽኖች በቦታቸው አሉ።