ምስጋና ለአከራዮቻችን

ስለ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በተወራ ቁጥር የሚመሰገነው ሌላ ሰው ነው። በ9 ወር ገደማ ገንብቶ ያስረከበው የቻይና ኩባንያ ተመስግኗል። ሐምሌ 2008 ሪባን የቆረጡት ተመስግነዋል። ሌላው ቀርቶ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚያስጠቅመው ማሽን እንኳ ስንት ተዘመረለት። ጓሮውን በሰርቪስ ቤት የሞላውን አከራይ ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ግፍ ነው!

እስኪ አስቡት። ፓርኩ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተባለ። 60 ሺህ ሰው ስለሚሠራበት ሼድ ብዙ ተወራ፣ ስለሚተኛበት ፍራሽ ግን የተወራው ጥቂት ነው። ክፍተቱን ማን ሞላው? አከራያችን። ዳቶ በኩል ጎመን የነበረበት ጓሮ በአንድ በጋ ብሎኬት በቀለበት። ሦስት በሦስት ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ እሱም ወደ ጎረቤት ግድግዳ የሚያይ። ከገጠር የመጡ አራት ልጆች ይገቡበታል፤ ሁለቱ ከፈረቃ ሲመለሱ ሁለቱ ይወጣሉ። ፋብሪካው ማሽኑን በፈረቃ ያሠራል፣ አከራያችን ፍራሹን። ይሄን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ የለም፣ በተፈጥሮ የሚሰጥ ነው።

ዋናው ተሰጥኦ ግን ጆሮው ነው። “ደመወዝ ሊጨመር ነው” የሚል ወሬ አከራይ ጋ የሚደርሰው ከሠራተኛዋ ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነው ብሎ ዓለምን አስገርሞ ነበር። የተገረሙት ፈረንጆች ናቸው። አከራያችን አልተገረመም፤ ከ26 ዶላር ውስጥ ስንቱ የእሱ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ሲያሰላ ነበር።

“እትዬ፣ የዛሬ ሦስት ወር ጨምረው አልነበር እንዴ?”

“አንቺ ልጅ፣ ሽንኩርት ስንት እንደገባ አታውቂም?”

አለቀ። ሽንኩርት ሲወደድ ኪራይ ይጨምራል። ሽንኩርት ሲረክስ ደግሞ ዘይት አለ። ዘይት ቢጠፋ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የውል ዘመን ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን ይላል፣ እትዬ ግን ውል የሚባል ነገር አይወዱም፤ በመተማመን ነው የሚሠሩት። እሳቸው ይጨምራሉ፣ ልጅቷ ታምናለች።

ደግሞ ይሄ ሙያ ትናንት የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። የተከበረ ታሪክ አለው። የጥጥ ፋብሪካ ከተሞች እናት የምትባለው ማንቸስተር ሠራተኞቿን ያኖረችው ጀርባ ለጀርባ በተጣበቁ ቤቶችና ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ጀርባ ለጀርባ ማለት የኋላ ግድግዳው የጋራ ስለሆነ በኋላ በር የለም፣ መስኮት የለም፣ ንፋስም የለም። ሦስት በሦስቱን ማን ፈለሰፈው ብላችሁ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1842 በእንግሊዝ በወጣ ሪፖርት የማንቸስተር የሠራተኛ ቤተሰቦች አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ዓመት ሆኖ ተገኘ፣ የሚሞቱት ሕፃናት ተደምረው ማለት ነው። የባለጸጎቹ 38። ምድር ቤቱን የሚያከራየው ሰው የትኛው ምድብ ውስጥ እንደነበር ለእናንተ ልተወው።

እኔ ግን የምወዳት አሜሪካዊቷን ሎዌልን ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ በሜሪማክ ወንዝ ዳር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የተቆረቆረች የጨርቅ ከተማ ናት። ቁጭ ሀዋሳ! ገበሬ ቤተሰብ ሴት ልጁን ይልካል፣ ልጅቷ ሽመና ማሽን ላይ ትቆማለች፣ ማታ ኩባንያው በሠራው ማደሪያ ከአራት ከአምስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ታድራለች፤ አንድ አልጋ ለሁለት። የማደሪያው ደንብ ደግሞ እትዬ የጻፉት ይመስላል፤ በር የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር ማታ 4 ሰዓት ነው። የእኛዎቹ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። በአንድ ሰዓት በልጠናል! ከሰዓት ፈረቃ የገባች ልጅ አምሽታ ስትመጣ አጥር ላይ እንድትቆም ነው፣ ለጤናዋ ነው።

ሎዌል የተበላሸችው ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 ኩባንያዎቹ የማደሪያና የምግብ ክፍያ ከፍ ሲያደርጉ ልጆቹ ሽንኩርት ስንት ገባ ብለው አልጠየቁም። ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ፣ ከሺህ በላይ ሆነው። ከመሀላቸው ሃሪየት ሃንሰን የምትባል የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ትልልቆቹ እንውጣ አንውጣ ሲሉ እሷ ቀድማ ወጣችና ሌሎቹ ተከተሏት። እናቷ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ባል የሞተባት የማደሪያ አስተዳዳሪ። ኩባንያው “ትልልቆቹን መከልከል ባትችይ ልጅሽን አቅቶሽ ነው?” ብሎ እናትየዋን ከቦታዋ አነሳት። ልጆቻችሁን አደራ! አከራይነት በዚህ ይበላሻል።

ሀዋሳ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ ሳትገባ ሌላ መጣ። በኅዳር 2014 ፓርኩን ያሟሟቀው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ጓዙን ጠቀለለ። ከወር በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ ከአጎዋ ወጣን፤ ለአሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ መላክ ቀረ። ስንት ልጅ ቦርሳዋን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። እንግዲህ ገበያ የሚሉት ነገር እውነት ከሆነ ኪራይ መውረድ ነበረበት። ሲወርድ ያየ እጁን ያውጣ። አከራይ የዓለም ንግድ ቢናወጥ አይናወጥም፣ እንዲህ ያለ የረጋ ሰው ብሔራዊ ባንክ ውስጥ ቢገባ የት በደረስን!

ታሪክም ከእሱ ጋር ነው። ማንቸስተር ውስጥ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፣ ሎዌልም ተዘጉ። ማሽኑ ሄደ፣ ጥጡ ሄደ፣ ሠራተኛው ተበተነ። ሕንፃው ምን ሆነ? አንዳንዱ ሙዚየም ሆነ፣ ብዙው ተከፋፍሎ አፓርታማ ሆነና ይከራያል። ቀይ ጡቡ ሲታይ ስለሚያምር ዋጋው ቀላል አይደለም። ባለፋብሪካ መጥቶ ሄደ፣ አከራይ ፋብሪካውን ራሱን አከራየው።

የእኛም ፓርክ 52 ሼድ አለው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ በችፑድ ቢከፋፈል አንዱ ብቻ ስንት ሦስት በሦስት ይወጣዋል! እትዬ ባለፈው በባጃጅ ሲያልፉ በአጥሩ አሻግረው ትኩር ብለው ሲያዩ ነበር አሉ። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ የውሃና የመብራት ለብቻ ይታሰባል፣ የሦስት ወር ቅድሚያ።