ክርክር፦ የማክቤዝ ኅሊና ሞቷል ወይስ አልሞተም?

ማክቤዝ፣ የሼክስፒር ተውኔት ባለታሪክ፣ ስኮትላንዳዊ የጦር አለቃ ነው። ሦስት ጠንቋዮች ንጉሥ ትሆናለህ አሉት። ቤቱ በእንግድነት ያደረውን ንጉሥ ዱንካንን በተኛበት ገድሎ ነገሠ። ከዚያ በኋላ መግደል አላቆመም። የሥልጣን ጥማቱ ኅሊናውን ጨርሶ ገደለው? ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረዋል።

ሞቷል ባይ፦ አዎ፣ ያውም ዓይናችን እያየ። መጀመሪያ ላይ ሰውየው ከራሱ ጋር ይሟገታል። ዱንካን ዘመዴ ነው፣ ንጉሤ ነው፣ እንግዳዬ ነው ይላል። ለሚስቱም ይሄ ነገር ይቅርብን ይላታል። ወዳጁን ባንኮን ሲያስገድል ግን ሙግት የለም፤ ነፍሰ ገዳዮቹን ራሱ ነው የሚያግባባው። ሚስቱን እንኳ አላማከረም። የተቃወመውን መስፍን የማክደፍን ሚስትና ልጆች ሲያስፈጅማ ማሰብም አልፈለገም። ከእንግዲህ ልቤ ያሰበውን እጄ ወዲያው ይፈጽማል አለ፣ አለቀ።

አልሞተም ባይ፦ ወንድሜ፣ ለምን እንደቸኮለ ግን አልነገርከንም። ማሰብ ስለሚያመው ነዋ! ኅሊና የሌለው ሰው ከገዛ ሐሳቡ ምን ያሸሸዋል? ዱንካንን በገደለባት ሌሊት በአጠገቡ ሰዎች ሲጸልዩ ሰማ፤ አሜን ልበል ቢል ቃሉ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ይሄ ነው ያስጨነቀው። ጠንቋዮቹ የባንኮ ዘር ይነግሣል ስላሉ ደግሞ፣ ነፍሴን ያረከስኳት ለባንኮ ልጆች ነው እንዴ ብሎ ይንገበገባል። እንዳረከሳት ያውቃል ማለት ነው። በግብዣው ላይ የባንኮን መንፈስ ከእሱ በቀር ማን አየ? (አንዳንድ አዘጋጆች ተዋናይ ያስቀምጣሉ፣ ሌሎች ወንበሩን ባዶ ይተዉታል። ለእኔ ባዶው ይበልጣል።)

ታሪኩንም እይ። እውነተኛው ማክቤዝ በ1040 ዱንካንን ያሸነፈው በጦር ሜዳ ነው፤ 17 ዓመት ነገሠ። ሼክስፒር ጦርነቱን ትቶ በእንቅልፍ ላይ ያለ እንግዳ አደረገው። ኅሊናን ማስጨነቅ ባይፈልግ ለምን ይደክማል?

ሞቷል ባይ፦ መንፈሱ ፍርሃት ነው፣ ኅሊና አይደለም። እሱም ቢሆን ለቀቀው። የሴቶች ለቅሶ ሲሰማ የፍርሃትን ጣዕም ረስቼዋለሁ አለ። ለቅሶው የገዛ ሚስቱ ሞት ነበር፤ እንባ እንኳ አልወጣውም። ኅሊና ካልከኝ እሷን እይ፤ በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች እጇን ታጥባ ታጥባ አልጠራ ያላት።

አልሞተም ባይ፦ በእሷ አልከራከርህም። ግን ማክደፍ ሲመጣበት ያለውን ልብ በል። ከሰው ሁሉ ያንተን መንገድ ሸሽቻለሁ፣ የቤተሰብህ ደም ነፍሴን ከብዷታል፣ ተመለስ።

ሞቷል ባይ፦ ጠንቋዮቹ ከማክደፍ ተጠንቀቅ ብለውት የለም እንዴ?

አልሞተም ባይ፦ ብለውታል። ወዲያው ደግሞ ከሴት የተወለደ አይጎዳህም ብለውታል፣ እሱም አምኗል። ማክደፍ ከእናቱ ማህፀን ተቀዶ እንደወጣ ገና አልሰማም። ልቡ ሙሉ ነው፤ አትነካኝም ብሎም ይፎክርበታል። ታዲያ ተመለስ ያሰኘው ምንድን ነው?

ሞቷል ባይ፦ ይሁን፣ ከበደው እንበል። የማክደፍ ልጆች ሲታረዱ ያ ኅሊና የት ነበር?