ዘይቱን ለስጎው አቆዪው

እህቴ፣ «ፓስታው እንዳይያያዝ የሚፈላው ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበት» ያልሽው ላይ ትንሽ እርማት አለኝ። እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው፣ እኔም ለዓመታት። ግን ዘይት ከውሃ ጋር አይቀላቀልም፤ እሱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ፓስታው የሚበስለው ከታች ነው። የሚያጣብቀው ከራሱ ከፓስታው የሚወጣው ስታርች፣ ማለትም የዱቄቱ ሙጫ መሳይ ነገር ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች። መፍትሔው ሰፊ ድስት፣ ለ500 ግራም ፓኬት ከ4 እስከ 5 ሊትር የፈላ ውሃ፣ ከዚያም ገና እንደገባ ደጋግሞ ማማሰል ነው። ዘይቱ የሚረዳው ቢኖር አረፋው እንዳይገነፍል ነው፤ ለዚያ ደግሞ እሳቱን መቀነስ ይበቃል። ጭራሽ ሲጠለል ዘይቱ ፓስታው ላይ ይቀርና ስጎው አልይዝ ይላል።

በቀዝቃዛ ውሃ ማጠቡንም፣ ለሰላጣ ካልሆነ፣ ተዪው። ከማጥለልሽ በፊት ፓስታው ከበሰለበት ውሃ ግማሽ ኩባያ አስቀሪና ስጎው ላይ ጨምሪው፤ ወፈር ያደርገዋል። ደግሞ አዲስ አበባ ከሆንሽ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ አይበቃሽም፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እየቀመስሽ አውጪው።