መስቀል አደባባይ እና ትልቁ ስክሪን

እ.ኤ.አ. በ2002 ደቡብ ኮሪያና ጃፓን የዓለም ዋንጫን በጋራ ሲያስተናግዱ፣ በሴኡል ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ያለው ቦታ አደባባይ ይባል እንጂ ለእግረኛ ብዙም የማይመች የመኪና መዞሪያ ነበር። የስታዲየም ትኬት ያላገኘው ሕዝብ ግን ቀይ ቲሸርት ለብሶ ትልልቅ ስክሪኖች ፊት እየተሰበሰበ፣ ብሔራዊ ቡድኑ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ያደረገውን ጉዞ እዚያው አስፋልት ላይ ሆኖ ተከታተለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የከተማው አስተዳደር ቦታውን ከመኪና ነጥቆ ሣር አልብሶ ለሕዝብ ከፈተው።

አዲስ አበባ ይህን ድካም ከሞላ ጎደል ጨርሳዋለች። መስቀል አደባባይ አትሌቶች ማልደው የሚሮጡበት፣ እንደ ቲያትር ቤት መቀመጫ ወደ ላይ የሚወጣ እርከን አለው፤ በ2013 ዓ.ም. እድሳቱ ተጠናቆ ሲመረቅ ደግሞ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ፣ ከላዩ ትልልቅ ስክሪኖች ተጨምረውለታል። አስተዳደሩ እነዚህን ስክሪኖች ለታላላቅ ውድድሮች በመደበኛነትና በነጻ ሊያውላቸው ይገባል የምለው፣ ጨዋታ በጋራ ማየት በከተማችን በአብዛኛው የዲኤስቲቪ ቤቶች ሥራ ሆኖ በመቅረቱ ነው። እነዚህን ቤቶች አልነቅፍም፤ እኔም ኳስ ማየት የለመድኩት በእነሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ይሁን እንጂ እናት ከልጆቿ ጋር፣ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ገብተው ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

ከየትኛው ውድድር ይጀመር ለሚለው፣ ብዙ ሰው የዓለም ዋንጫን ይጠራ ይሆናል። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በክረምት የሚውል ሲሆን፣ በአሜሪካ አህጉር ሲካሄድ ደግሞ በእኛ ሰዓት ሌሊቱን ያጋምሳል። ለእኛ የሚመቸው ማራቶን ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት ቶላ በፓሪስ ኦሊምፒክ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ያጠለቀበት ውድድር የተጀመረው በአዲስ አበባ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። ወሩ የዝናብ ቢሆንም ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። በጥር ወር የሚካሄድ የአፍሪካ ዋንጫ ሲኖር ደግሞ ሰማዩም አያሰጋም፤ ከ31 ዓመት በኋላ ወደዚህ ዋንጫ የተመለስነውም በጥር 2005 ዓ.ም. ነበር።

ስክሪን መስቀል ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ግንቦት 26 ቀን 2009 ዓ.ም. በጣልያኗ ቱሪን ከተማ በሳን ካርሎ አደባባይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች የዩቬንቱስንና የሪያል ማድሪድን የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ይመለከቱ ነበር። ዘራፊዎች የበርበሬ ርጭት ሲረጩ ሕዝቡ የሽብር ጥቃት የደረሰ መስሎት ተራወጠ። መሬቱ በቢራ ጠርሙስ ስብርባሪ ተሞልቶ ስለነበር የወደቀው ሁሉ ተቆራረጠ፤ ከአደባባዩ ሥር ወዳለው የመኪና ማቆሚያ የሚያስወርደው ደረጃ መከላከያ ብረትም በግፊያው ወደቀ። ከ1,500 በላይ ሰዎች ሲጎዱ፣ ሕይወታቸው ያለፈም አሉ፤ የከተማዋ ከንቲባ ሳይቀሩ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። በዚያ ምሽት አንድም ቦምብ አልፈነዳም። ጉዳቱን ያበዛው ጠርሙሱን የከለከለ፣ መውጫውንም አስቀድሞ ያሰላ አለመኖሩ ነው። የእኛም አደባባይ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ እንዳለው ልብ ይሏል።

እውነተኛ ቦምብም ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. በካምፓላ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን ይመለከቱ የነበሩ ከ70 በላይ ሰዎች በአልሸባብ ጥቃት የተገደሉት በአንድ የራግቢ ክለብ ሜዳና በአንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። በመሆኑም ፍተሻ የግድ ነው፤ ነገር ግን ፍተሻው አንድ በር ብቻ ከፍቶ ሌላውን ሁሉ በአጥር መዝጋት ከሆነ፣ አንዱን አደጋ ስንሸሽ የቱሪኑን እንጋብዛለን። መግቢያው ጠባብ ቢሆን ሰው ይታገሣል፤ መውጫዎቹ ግን ብዙና ሰፊ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚከፈቱ፣ በምሽትም ከሩቅ የሚታዩ መሆን አለባቸው። ወደ ማቆሚያው የሚያስወርዱት ደረጃዎችም በዚያን ዕለት ጠባቂ ይቁምባቸው፤ በጠርሙስ የሚሸጥ መጠጥም ከአደባባዩ ዙሪያ ይራቅ።