ኮሜንቴ የት ገባ?

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደወለችልኝ። «አንተ፣ የጻፍኩት ጠፋ!» አለች። የድሮ ጎረቤቷ አርፈው፣ አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ፎቷቸውን ለጥፋ ነበር። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀመች «ነፍስ ይማር፣ እናንተንም እግዜር ያጽናችሁ» ብላ ጻፈች። በማግስቱ ብትገባ የለም። «ለቅሶ ሳትደርሰን ቀረች ይሉኛል እኮ!»

ሄጄ አየሁት። አልጠፋም። ከላይ የተደረደረው ግን ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች የሟች የትውልድ ቦታ የት ነው በሚል ተያይዘው፣ ከዚያ ስድብ ላይ ደርሰው፣ ሌላውም አንዱ ሊገላግል አንዱ ሊያባብስ ገብቶ አርባ ምናምን መልስ ተጽፎበታል። መተግበሪያው ደግሞ ብዙ መልስ ያገኘውን ከፊት ያመጣል። የአክስቴን «ነፍስ ይማር» ማን ይመልስለታል? አሜን ይባላል እንጂ። ስለዚህ ታች ወረደ። ሁሉንም በተጻፈበት ሰዓት ለማየት የምትነካ ትንሽዬ ጽሑፍ አለች፤ ነካሁላትና «ይኸው» አልኳት። ደስ አላት። ሌላ ልጥፍ ስትከፍት ግን ያው ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

እስቲ የትኛው ለቅሶ ቤት ነው ድንኳን ውስጥ የተጣሉትን ሁለት ሰዎች ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ሊያስተዛዝን የመጣውን ከኋላ የሚያስቆመው?

«የእኛ ሰው ኮሜንት ላይ ስድ ነው» ሲባል ሙሉ በሙሉ የማልስማማው ለዚህ ነው። ስድ አለ፣ አልካድኩም። ግን ሰው የሚያስገኝለትን ነው የሚጽፈው።

ዩቲዩብ ላይ «ደምሩኝ፣ እደምራለሁ» የሚለውን ታውቁታላችሁ፤ ቻናሌን ሰብስክራይብ አድርጉልኝ፣ እኔም የእናንተን አደርጋለሁ ማለት ነው። መዝሙር ስር አለ፣ ዶሮ ወጥ አሠራር ስር አለ፣ የሞት ዜና ስርም አለ። ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን በዚህ ስንት ተቀልዶባቸዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገንዘብ ለማግኘት 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት መሙላት አለባችሁ ብሎ ደንብ አወጣ። ከሰው ቤት ሥራ ተርፋ ማታ ስልኳን የምታነሳ ልጅ ያንን 1,000 ሰው ከየት ታምጣ? ሰው የተሰበሰበበት ኮሜንት ስር ትሄዳለች። እኔ ብሆንም እሄድ ነበር።

እዚያው ዩቲዩብ በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. የዲስላይክን ቁጥር ከተመልካች ደበቀ። ምክንያቱ ሰዎች ተጠራርተው አንድን ሰው በዲስላይክ እንዳያጠቁ ነው ተባለ። ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ካሪም ሳይቀር ተቃውሞታል። እኔም አልወደድኩትም። «ስልክዎ አልበራ ካለ ይህን ያድርጉ» የሚል ቪዲዮ ስከፍት ዱሮ ውሸት መሆኑን ከዲስላይኩ ብዛት በአንድ እይታ አውቅ ነበር። አሁን «ውሸት ነው፣ አይሠራም» የሚል ደግ ሰው እስካገኝ ኮሜንት ስቆፍር እኖራለሁ፤ በመሀል ደግሞ ሃያ ሰው «ደምሩኝ» ይለኛል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የቃል ማጣሪያው ነው። ጓደኛዬ የግብርና ገጽ አለው። ስድብ ሲበዛበት የማይፈልጋቸውን ቃላት መዘገበ፣ እነሱ ያሉበት ኮሜንት በራሱ ይደበቃል። መጀመሪያ የመዘገበው «አህያ» ነበር። በማግስቱ «ዐህያ» መጣ። ከዚያ «አሕያ»፣ ከዚያ «ዓኅያ»። ቁጭ ብለን ቆጠርን፦ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ አራት፤ ህ፣ ሕ፣ ኅ ሦስት። አንድ አህያ በአሥራ ሁለት መንገድ ይጻፋል፣ ሁሉም ሲነበብ አንድ ነው። «አህዮች»፣ «የአህያ»፣ «ካህያ» ሲጨመርበት የት ይደርሳል? በላቲን ፊደል የሚጽፈውንና የአህያዋን ሥዕል ብቻ ለጥፎ የሚሄደውን ተዉት። በፊደላችን የሞክሼ ብዛት ስንት ዓመት ተከራክረናል፣ ለተሳዳቢ እንዲህ ይጠቅማል ያለ ግን አልሰማሁም።

ማጣሪያው የያዘው ማንን ነበር መሰላችሁ? አንድ ገበሬ «አንዲት አህያ አለችኝ፣ እግሯ አብጦ መቆም አቅቷታል፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠይቋል። በትክክለኛው ፊደል ስለጻፈ ተደበቀ። ጓደኛዬ ያየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መልስ ጻፈለት፤ ሰውየው እስካሁን ዝም ብሏል።

«ሁሉም በእውነተኛ ስሙ ይጻፍ» የሚሉም አሉ። ደቡብ ኮርያ ሞክራዋለች። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ ድረ ገጾች ላይ ኮሜንት ለመጻፍ ማንነትን ማረጋገጥ ግድ ሆነ። በ2011 እንዲህ ያሉ ድረ ገጾች ያከማቹት የ35 ሚሊዮን ገደማ ሰው መረጃ ተዘረፈ፣ በ2012 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ደግሞስ እኛ ጋ የሚሳደበው በሙሉ ስሙ፣ ከነሠርግ ፎቶው አይደል እንዴ!

የኖርዌዮቹ ሐሳብ ይሻለኛል። የሕዝብ ብሮድካስተራቸው ኤንአርኬ በ2017 እ.ኤ.አ. በቴክኖሎጂ ገጹ ላይ፣ ኮሜንት ከመጻፍህ በፊት ስለ ጽሑፉ ሦስት ጥያቄ መልስ ማለት ጀመረ። አንብበህ ከሆነ ትገባለህ። እኛ ጋ ቢመጣ መልሱ በአሥር ደቂቃ ቴሌግራም ላይ እንደሚለቀቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አሥር ደቂቃም አሥር ደቂቃ ነው፣ ርዕስ ብቻ አይቶ የሚፎክረው እስከዚያ ይበርድለታል።

እኔ ግን ያን ያህልም አልጠየቅኩም። ኮሜንት በመጣበት ተራ ይደርደር፣ እኔ አንዴ የመረጥኩት አደራደር ደግሞ እኔ እስክቀይረው ይቆይልኝ፣ አማርኛ ማጣሪያ ሲሠራም ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ።

አክስቴ መላ አግኝታለች። አሁን «ነፍስ ይማር» ብላ በጻፈች ቁጥር ወዲያው ስክሪንሻት ታነሳና በቴሌግራም ለሟች ቤተሰብ ትልካለች። ከስሩም «መድረሴን እንድታውቁት ነው» ትላለች።