ታትሞ የወጣ ብረት ገና አላለቀም

ወንድሜ፣ «ብረት የሚያትመው ማሽን ከመጣ ጅማ ያለው ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚላጭበት ቤት) ሁሉ ይዘጋል፤ ዕቃው አልቆ ነው የሚወጣው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፣ አንተ ብቻ አይደለህም።

ማሽኑ የብረት ዱቄት በስሱ እያነጠፈ በሌዘር ያቀልጣል። አንዱ ንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊሜትር ያንሳል። የሚወጣው ዕቃ ግን ፊቱ ሻካራ ነው፤ ልኩም በ0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ሊዛነፍ ይችላል። ለቡና መፈልፈያ ሽፋን ይሄ ምንም አይደል። ኩሽኔታ የሚገባበት ቀዳዳ ግን በ0.01 ሚሊሜትር ደረጃ ነው የሚለካው። እሱን የሚጨርሰው ያው ብረቱን እያሽከረከረ የሚላጨው ቶርኖ፣ ወይም በሚሽከረከር መቁረጫ የሚላጨው ሚሊንግ ነው። ስለዚህ ገና ሲነደፍ፣ ኋላ የሚላጭ ግማሽ ሚሊሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ትርፍ ብረት ይተውለታል።

ሌላም አለ። ዕቃው የሚወጣው ከሥሩ ካለው ወፍራም ሳህን ጋር ተጣብቆ ነው። ሌዘሩ ዕቃው ውስጥ ውጥረት ስለሚተው፣ ውጥረቱ እንዲረግብ መጀመሪያ ምድጃ ይገባል፤ ከዚያ ከሳህኑ ይቆረጣል። ቸኩለህ ከቆረጥከው ሊጣመም ይችላል። ደግሞስ ቅርጹ ጠማማ ከሆነ በምን ይያዛል? የቶርኖ መንጋጋ እንደሆነ ክብ ነገር ነው የሚወደው። ለዚህ ነው አንዳንዴ መያዣ ጆሮ አብሮ የሚታተመው፤ ሥራው ሲያልቅ ተቆርጦ ይጣላል።