በሳሙና የተደፈነ ቀዳዳ

ለጊዜው የሚደረግ መላ ብልሃት ነው ወይስ ግዴለሽነት? ይህን ክርክር ያስነሣብን አንድ ፍሬ የልብስ ሳሙና ነው። ሹፌር ወዳጃችን ከደብረ ብርሃን ሲመለስ ድንጋይ ተፈናጥሮ የመኪናውን የነዳጅ ታንክ ነደለው። ቤንዚኑ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እሱ አልደነገጠም። ከመንገድ ዳር ሱቅ ሳሙና ገዛ፤ በእጁ አሽቶ ቀዳዳውን ደፈነው። አዲስ አበባ በሰላም ገባ።

«ብልሃት ማለት ይሄ ነው» አለን ቡና እየጠጣን። «መለዋወጫ እስኪመጣ ብትጠብቅ እዚያው ታድራለህ።»

ባንክ የምትሠራው ጓደኛችን አልተዋጠላትም። «መቼ ነው የሆነው?»

«ወር አልፎታል።»

«አሁንስ ተሠራ?»

ዝም አለ።

«አየህ! ለጊዜው ያልነው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚቀረው። የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ በፌስታል እንጠቀልላለን፣ ከዚያ እንረሳዋለን።»

«እስቲ ምን አለሽ ተራ ሄደሽ እዪ» አላት። «ከበርሜል ምድጃ ያወጣሉ። ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ይሠራል። ይሄም ግዴለሽነት ነው?»

«እነሱማ ባለሙያ ናቸው!»

እዚህ ላይ ነው በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት የነበሩት ጋሼ የገቡት። «ቅኔ አይደገምም» አሉ። «ለየበዓሉ አዲስ ነው የሚዘረፈው። የሚሰማው ሰው እዚያው የመጣለት ይመስለዋል። ተማሪው ግን ጉባኤ ቃና በሚባለው ባለ ሁለት ቤት፣ ማለትም ባለ ሁለት ስንኝ፣ አጭር ቅኔ ነው የጀመረው። ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ ይውላል። ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ነገም እንደገና። መወድስ ከሚባለው ባለ ስምንት ቤት ረጅም ቅኔ እስኪደርስ የግእዙን ግስም ታሪኩንም ይዟል። አዝማሪውም ቢሆን ‹ተቀበል› ስትለው የሚቀበልህ ዜማው በእጁ ስላለ ነው።» ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «ልጄ፣ የሚያፈሰው የውኃ ታንከር ቢሆን ኖሮ ሳሙና ታደርግበት ነበር?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሳሙና በውኃ ይሟሟል። በቤንዚን ነው የማይሟሟው።»

«በል፣ ያዳነህ እሱን ማወቅህ ነው።»

«ካወቀ ታዲያ ለምን ወር ሙሉ ተወው?» አለች። መልስ የሰጣት የለም።

እኔ ጋሼ ልክ ናቸው እላለሁ። ድንገት የሚመጣ መላ ከቆየ እውቀት ነው የሚወጣው፤ ሹፌሩም ሊመሰገን ይገባዋል። የእሷ ጥያቄ ግን ከሁሉም ይከብዳል። ሳሙናው እስከ መቼ እንደሚታመን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ነገ መኪናውን ለወንድሙ ቢያውሰው ወንድሙ የሚነዳው ደህና ታንክ ያለው መኪና መስሎት ነው። በፌስታል የተጠቀለለውንም ገመድ የሚነካው የጠቀለለው ሰው ላይሆን ይችላል፤ ልጅም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መላ የፈጠረ ሰው ሁለት ዕዳ አለበት። አንዱ ለሚቀጥለው ሰው መንገር ነው፤ ሌላው ቶሎ ማሠራት።

ወዳጄ ነገ ጋራዥ ይሂድ። ለበያጁም ሳሙናውን ያሳየው። ባዶ ታንክ ውስጥ የቀረ የቤንዚን ትነት ይፈነዳልና፣ በደንብ ሳይጸዳ እሳት እንዳይቀርበው። ቀዳዳው በፍሬን መስመር ላይ ቢሆን ኖሮ ግን መንገድ ላይ ማደር ነበረበት።